ሁለት ቀን የማንም ሠራተኛ ሳትሆኑ

ወደ ሹዋን ሐይቅ ከሚደረገው የመስከረም ጉዞ በፊት ለተጓዥ እህቶች የተደረገ ንግግር

እህቶቼ፣ ያለቻችሁን አንዲት የእረፍት ቀን ከፍላችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከዚህ ወጥታ ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልክ አለች፤ ጸጉሯን የምትሠራ አለች፤ ዶራ ወርዳ እንጀራና በርበሬ የምትገዛ አለች። ስለዚህ ንግግሬን አላስረዝምም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ወደ ተራራ እንሄዳለን። በእግራችን ወደ ሸለቆው እንወርዳለን፤ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ እሁድ ዳገቱን ወጥተን እንመለሳለን። ከተመዘገባችሁት ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁኛል። "እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን?" አላችሁኝ። መልሴ "ምንም" ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ደነገጣችሁ። "ታዲያ ምን ልንሆን ነው?" ያለችኝም አለች።

ለማታውቁኝ፣ እኔም እንደ እናንተ ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ስድስት ዓመት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፍኩበት ቤት ተራራ ላይ ነበር። ከወጥ ቤቱ መስኮት በረዶ የለበሰ ጫፍ ይታያል። መስኮቱን በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ፤ ተራራውን ግን አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም ነበር። ብዙዎቻችን ሊባኖስን የምናውቃት እንዲህ ነው፤ በመስኮት፣ በበረንዳ፣ ወይም የማዳምን ልጅ ታቅፈን ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ። ስሟን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ደብረ ሊባኖስ ስንል እኮ በግዕዝ የሊባኖስ ተራራ ማለታችን ነው። የተራራው ስም ያሳደገን ልጆች፣ ተራራው ሥር እየኖርን ሳንረግጠው ወደ አገራችን መመለስ የለብንም።

የምንሄድበት ቦታ

ሹዋን ከቤይሩት በስተሰሜን፣ ያሕሹሽ ከሚባለው መንደር በታች ያለ ቦታ ነው። ነህር ኢብራሂም የሚባለው ወንዝ በገደሎች መካከል ሲያልፍ እዚያ ላይ ይሰፋና ሐይቅ ይሆናል። ውሃው አረንጓዴ ነው። ዙሪያው ጫካ ነው። ከጎኑ ያለው ተራራ ጀበል ሙሳ፣ የሙሴ ተራራ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም ከሚጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ያ ውሃ ከየት ይመጣል? የሊባኖስ ተራራ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ክረምት ላይ የሚወርደው በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ወደ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ታች በዋሻና በምንጭ በኩል ይወጣል። ነህር ኢብራሂምም ከሚነሣባቸው ምንጮች ትልቁ አፍቃ የሚባለው ዋሻ ነው። ስለዚህ በመስከረም ሙቀት እግራችሁን ውሃው ውስጥ ስትከቱ ቅዝቃዜው ቢያስደነግጣችሁ አይግረማችሁ፤ ባለፈው ክረምት የወረደ በረዶ ነው።

"አውሬ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። በዚያ ተራራ ሽኮኮ አለ፤ ያው አገራችን ገደል ላይ የምናውቀው ሽኮኮ። ጅብም በሊባኖስ አለ። የዚህ አገር ጅብ ሰውነቱ ላይ መስመር ያለው፣ ከእኛ አገሩ የሚያንስ፣ ሰው የሚሸሽ ነው። ምግብ ከድንኳን ውጭ አንተውም፤ ማታ ብቻችንን አንርቅም፤ ድንጋይ ስናነሣና ቁጥቋጦ ውስጥ ስንገባ ለእባብ እንጠነቀቃለን። ይህን ካደረግን ይበቃል።

ፈቃድ ስለመጠየቅ

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችሁ ልምጣ። "ማዳም ትፈቅድልኝ ይሆን?"

መጀመሪያ የምትጠይቁት ነገር ልመና እንዳልሆነ እወቁ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ወጥ የሥራ ውል አለ። ብዙዎቻችሁ ኖተር ፊት ቆማችሁ፣ በማታነቡት አረብኛ የፈረማችሁት ወረቀት እሱ ነው። በውስጡ እንዲህ ይላል። የሥራ ሰዓት በአማካይ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት እረፍት አለ። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት አለ። በዓመት 6 ቀን ፈቃድ አለ። እንግዲህ የእኛ ጉዞ አንዱ ቀን የሳምንት እረፍታችሁ ነው፤ ሌላው ከዓመት ፈቃዳችሁ የሚታሰብ ነው።

ችግሩን አልደብቃችሁም። ውሉ እረፍቱን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ከአሠሪ ጋር "በስምምነት" ይላል። በሩን የምትቆልፈው ይህች ቃል ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው ስምምነት፣ ቁጥር 189 የሚባለው፣ ሠራተኛዋ በእረፍት ጊዜዋ እዚያው ቤት ውስጥ እንድትቀመጥ መገደድ የለባትም ይላል፤ ፓስፖርቷም በእጇ የመሆን መብት አላት ይላል። ሊባኖስ ይህን ስምምነት አላጸደቀችውም። ቢሆንም የዓለም መንግሥታት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች ተወካዮች ተቀምጠው የተስማሙበት ነውና፣ እረፍት መጠየቅ ጥጋብ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ይህን ጽሑፍ ሌላ አገር ሆነው ለሚያነቡ እህቶች ደግሞ፣ ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት እረፍት ተጽፏል።

አጠያየቁን ደግሞ እንነጋገር።

በዋዜማው አትጠይቁ፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጠይቁ። እንግዳ ባለበት፣ ልጅ በሚያለቅስበት፣ ማዳም ስልክ ላይ ባለችበት ሰዓት አይሁን። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከማን ጋር እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ንገሯት። የምንገናኘው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ለእሷ "7 ሰዓት" በሏት። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ጠብ ተፈጥሯል! ከማን ጋር እንደምትሄዱ ማረጋገጥ ከፈለገች የእኔን ስልክ ስጧት፤ አነጋግራታለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የእረፍቱን ዋጋ በእጥፍ ሥራ ከፍላችሁ አትምጡ። "ሁሉን ነገር ሠርቼ እሄዳለሁ" ብለው አርብ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኩሱና ሲፈትጉ አድረው፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ገቡ ራሳቸውን የሚስቱ እህቶች አይቻለሁ። የተለመደውን ሥራችሁን ሥሩ፤ ከዚያ ተኙ።

እምቢ ካለችስ? አትጣሉ፤ በመስኮትም በደረጃም ተደብቃችሁ አትውጡ። ሳይነገራት ከቤት የወጣችን ሠራተኛ አሠሪዋ "ጠፋች" ብላ ልታመለክት ትችላለች፤ ኢቃማችሁ ደግሞ በእሷ ስም የታሰረ ነው። ለአንድ ሐይቅ ብላችሁ ወረቀታችሁን አታጡ። ለእኔ ንገሩኝ፤ ከፈለጋችሁ አብረን እንጠይቃታለን፤ ካልሆነም የፀደዩ ጉዞ አለ። ጭራሽ የሳምንት እረፍት የማታገኝ፣ በር የሚቆለፍባት፣ ደመወዟ የተያዘባት ካለች ግን ጉዳዩ የጉዞ አይደለም። ከዚህ ንግግር በኋላ ለብቻዋ ታግኘኝ።

ወረቀት የሌላችሁ እህቶች ደግሞ አላችሁ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ እዚህ አልጠይቅም። በመንገድ ላይ የፍተሻ ኬላ ሊያጋጥመን ይችላል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት እኔን አነጋግሩኝ። ሁላችሁም ኢቃማችሁን ያዙ፤ የፓስፖርት ኮፒም ይኑራችሁ። የአገሩን ሁኔታ አርብ ማታ አይተን፣ መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ ጉዞውን እንሰርዘዋለን፤ ማንም እንዳይከፋት።

በቲክቶክ "ተራራ እንሂድ፣ መኪና አለ፣ ነጻ ነው" እያሉ የሚጠሩ የማታውቋቸውን ሰዎች ግን ተጠንቀቁ። ማን እንደሚያዘጋጀው፣ የት እንደሚታደር፣ ማን እንደሚመልሳችሁ በግልጽ ካልተነገራችሁ አትሂዱ። ለሽርሽር ብሎ ፓስፖርት የሚሰበስብ ሰው ለሽርሽር አይደለም የሚፈልጋችሁ።

የምትይዙት

ድንኳንና የመኝታ ብርድ ልብስ እኛ እናመጣለን። እናንተ ከታች ያሉትን ያዙ።

ጫማ። ሸበጥ ለድንኳን ደጃፍ ይሁን፤ ለመንገዱ ስኒከር ያስፈልጋል፤ ያውም እግራችሁ የለመደው። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አትግዙ፤ ያቆስላችኋል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ቁልቁል ሲወረድ ጣት ጫማውን እየገፋ ጥፍር ይጎዳልና።

ልብስ። ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ወንዝ ዳር ይበርዳል። ሹራብ፣ ሻርፕ፣ ለሌሊት የሚሆን ደረቅ ቅያሪ ልብስ ያዙ። ጂንስ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰፊ ሱሪ ይሻላል። ነጠላችሁን ብትይዙ ጥሩ ነው፤ ለፀሐይም፣ ለብርድም፣ ለመቀመጫም ይሆናል።

ውሃ። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሊትር። የወንዙን ውሃ ጥርት ብሎ ስታዩት እንዳትጠጡት፤ ከላይ መንደርም ከብትም አለ።

መድኃኒት። ግፊት፣ ስኳር፣ አስም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ አጠገባችሁ ላለችውም እህት ንገሯት። ጉልበቷን ወይም ወገቧን የሚያማት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ቀድማ ትንገረኝ፤ መንደሩ ድረስ መጥታ ከላይ የምትቆይበት መንገድ እናዘጋጃለን። ለወር አበባ የሚሆን ሞዴስ ያዙ፤ ቀኑ ባይሆንም ያዙ። የተጠቀማችሁበትን ደግሞ በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ እዚያ አይጣልም።

የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራት ቶሎ ይጨርሳል። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል፣ እናቶቻችሁንና ልጆቻችሁን አርብ ማታ በኢሞ አግኟቸው። "እስከ እሁድ ማታ ስልኬ ላይሠራ ይችላል፤ ደህና ነኝ" በሏቸው። ካልሆነ አገር ቤት ለቅሶ ይቀመጣሉ።

ምግብ። ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ፍራፍሬ በጋራ እንገዛለን። የጾም ነገር ስለሆነ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም አብራ ትበላለች። ጀበና ይመጣል፤ ያለ ቡና እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ነገር ግን እንጨት አናነድም። በመስከረም ጫካው ደርቆ ይቆያል፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ይህ አገር እንዴት እንደተቃጠለ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቡናው በትንሽ ጋዝ፣ በድንጋይ ላይ ይፈላል።

መንገዱ

ከመንደሩ እስከ ሐይቁ ቁልቁለት ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌላ ተራራ ላይ መጀመሪያ ወጥታችሁ ደክማችሁ፣ ስትመለሱ ወርዳችሁ ታርፋላችሁ። ይህ ግን ተቃራኒ ነው፤ መሄዱ ይቀላል፣ መመለሱ ይከብዳል። ከአገራችን ስንወጣም እንዲያ አልነበር? ስለዚህ ቁልቁለቱ ቀለለ ብላችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። እርምጃችሁ አጭር ይሁን፤ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፤ አትሩጡ።

ከፊት የምትሄደው ከሁላችን ቀስ ብላ የምትራመደው ናት። ፈጣኖቹ ከኋላ ይሆናሉ። ይህን ሥርዓት ያመጣነው በምክንያት ነው። ደካማዋን ከኋላ ካስቀራችኋት፣ እናንተ ቆማችሁ አርፋችሁ ስትጠብቋት፣ እሷ ስትደርስ እናንተ ትነሣላችሁ፤ ለእሷ እረፍት የሚባል ነገር የለም። ዳገቱ ላይ ደግሞ ልኩ ይህ ነው፤ እየተራመዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው። ቁሙ፤ ተንፍሱ፤ ጥቂት ጠጡ። እግራችሁ ላይ አንድ ቦታ ማቃጠል ከጀመረ ወዲያውኑ ተናገሩ። ፕላስተር የሚለጠፈው ውሃ ሳይቋጥር ነው።

ከወሎም፣ ከጎጃምም፣ ከአርሲም፣ ከወላይታም፣ ከጅማም የመጣችሁ አላችሁ። እግራችን ተራራ አያስተምሩትም፤ ገና በልጅነቱ ለምዶታል። ባለፈው ጉዞ አንዲት እህት መንገዱ መሐል ላይ ቆም አለችና እንዲህ አለች፦ "ውሃ ሳልሸከም፣ እንጨት ሳልሸከም፣ ልጅ ሳላዝል ተራራ ስሄድ ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው።" ሁላችንም ቆምን። ከመካከላችን "እኔስ" ያላለች አልነበረችም። ስለዚህ የእያንዳንዷ ቦርሳ በራሷ ጀርባ ይሆናል። ካልታመመች በቀር የማንም ሻንጣ በማንም ላይ አይጫንም።

ውሃው ዳር

ይህን በጥብቅ ነው የምናገረው። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ታቹ ቅርብ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን ዓይን ከሚያየው ይበልጣል። ቅዝቃዜውም ድንገት ሲገቡበት ትንፋሽ ይቀማል። ስለዚህ ከጉልበት በላይ ማንም አትገባም። ብቻዋንም ማንም አትገባም። ማታ ጭራሽ አንቀርብም። "ፎቶ አንሺኝ" ተብሎ የሚያሟልጭ ድንጋይ ላይ አይወጣም።

ስለ ፎቶ ካነሣን ደግሞ፣ የሌላዋን ፊት ሳታስፈቅዱ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። አሠሪዋን የምትፈራ አለች፤ ያለችበትን ቤተሰቧ እንዲያውቅ የማትፈልግ አለች።

ለመጸዳጃ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር እንርቃለን፤ ሁለት ሁለት ሆነን፤ ጉድጓድ ቆፍረን፣ መልሰን እንደፍናለን።

አለመሥራት

አሁን ያልኳችሁ "ምንም" ላይ ደረስን።

ድንኳን መትከል አለ፤ ምግብ ማቅረብ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ቡና ማፍላት አለ። ይህ ሁሉ በዕጣ ይመደባል። ለእያንዳንዷ አንድ ሥራ ይደርሳታል፤ አንድ ብቻ። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ትቀመጣለች። ሌላዋን "ላግዝሽ" ብላ አትነሣም። ታናሽ ስለሆነች ብቻ "ነይ እስቲ ያንን አምጪልኝ" የምትባል የለችም። አዘጋጆቹም፣ እኔም ዕጣ ውስጥ አለን።

"ይሄ ምን ያስቸግራል?" ትሉ ይሆናል። ያስቸግራል። ባለፈው ዓመት አብራን የሄደች አንዲት ታላቅ እህት ነበረች፤ አንድ ቤት ብዙ ዓመት የሠራች። ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ከየድንኳኑ ደጃፍ የሁላችንን ጫማ ሰብስባ፣ ጭቃውን አራግፋ፣ ጠርጋ፣ በየመጠኑ ደርድራ ቆየችን። ስንነሣ ጫማው እንደ ሱቅ ተሰልፏል። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። "እንቅልፌ በሰዓቱ ተነሣ፤ እጄ ደግሞ ባዶ ሲሆን ያስፈራኛል" አለችኝ።

ያን ቀን ጠዋት ቡና የማፍላት ዕጣ የደረሰኝ እኔ ነበርኩ። አቦሉን ቀድቼ ስሰጣት ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ቁጭ በይ እንጂ እታለም" አልኳት። ቆማ ጠጣችው። ቶናውን ድንጋይ ላይ ጠርዝ ይዛ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው ሆና ጠጣች። በረካው ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ አድርጋ፣ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ምንም አላልኳትም። ዛሬ ስሟን ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች መካከል አገኘሁት።

እህቶቼ፣ ሰው ቤት ስንሠራ ጆሯችን ጭምር ተቀጥሯል። ተኝተን እንኳ ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። ሰውነት ይህን ለዓመታት ከለመደ በኋላ እረፍት ሲሰጡት አያውቅበትም። ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራ ካጣ ይጨነቃል። ይህ ስንፍናን መጥላት አይደለም፤ ሁልጊዜ ተጠንቅቆ መኖር ያመጣው ድካም ነው። ስለዚህ መቀመጥን እንደ አዲስ እንማረዋለን። እጃችሁ ሥራ ሲፈልግ ስታዩ፣ ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡትና ውሃውን ስሙ። መጀመሪያ ያቁነጠንጣል፤ ከዚያ ይለቃችኋል።

ሌሊቱ

ሌላም ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሁሉም ነገር ዝም ሲል፣ ሥራ ሸፍኖት የቆየው ሁሉ ይመጣል። የሞተ አባት፣ ጡት ሳይጠግብ ትታችሁት የመጣችሁት ልጅ፣ አንድ ቤት ውስጥ የደረሰባችሁና ለማንም ያልነገራችሁት ነገር። ድንኳን ውስጥ በሌሊት ያለቀሰች እህት ትኖራለች፤ በየጉዞው አለች። ያ ማለት አበደች ማለት አይደለም፤ ጉዞው ተበላሸ ማለትም አይደለም። የሚያለቅስ ሰው ለማልቀስ የሚያስችል ጸጥታ አግኝቷል ማለት ነው።

ለእናንተ ከሆነ፣ ተነሥታችሁ ቁጭ በሉ። እግራችሁን መሬት አስነኩ። ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ስታስወጡት ደግሞ ከሳባችሁት ይርዘም። አጠገባችሁ ያለችውን ቀስቅሱ። ለሌላዋ ከሆነ ደግሞ፣ "በቃ አታልቅሺ" ለማለት አትቸኩሉ፤ ምክርም አታዝንቡባት። ነጠላ አልብሷትና አጠገቧ ተቀመጡ። መናገር ከፈለገች ስሟት፤ ካልፈለገች አትጠይቋት። የሰማችሁት ደግሞ እዚያው ሐይቁ ዳር ይቀራል፤ ዶራ አይደርስም።

"መኖር ሰለቸኝ"፣ "ራሴን ባጠፋ ይሻላል" የሚል ሐሳብ የመጣባት፣ ወይም ከጓደኛዋ እንዲህ ዓይነት ቃል የሰማች ግን እስኪነጋ አትጠብቅ፤ እኔን ትቀስቅሰኝ። ለዚህ ነው ድንኳኔ መሐል ላይ የሚተከለው። እኔን ቀሰቀሰች ብሎ የሚቆጣት የለም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

እሁድ ማታ በሩን ስትከፍቱ የሁለት ቀን ዕቃ ተከምሮ ይጠብቃችሁ ይሆናል። ከወዲሁ እወቁት፤ ያኔ እንዳይሰብራችሁ። የዚያኑ ሌሊት ለመጨረስ አትታገሉ። ሰኞና ማክሰኞ ጭናችሁና ባታችሁ ያማችኋል፤ ዳገቱ ነው፤ በራሱ ይለቃል።

ከሐይቁ አንድ ነገር ይዛችሁ ተመለሱ። ድንጋይና አበባ አይደለም የምላችሁ። ሰኞ ሥራ መሐል፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ስልክ ሳትይዙ፣ ልብስ ሳታጥፉ፣ ምስር ሳትለቅሙ። በረንዳ ላይ ይሁን፣ አልጋችሁ ጠርዝ ላይ ይሁን፣ እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ ተቀመጡ። ሁለት ቀን ማንንም ሳያገለግል ያሳለፈ ሰውነት፣ አሥር ደቂቃውን እንዴት እንደሚቀመጥባት ያውቃል።

መምጣት ያልቻሉ እህቶችም አሉ። ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምታነቢው አንቺም ከእነሱ አንዷ ነሽ፤ በሩ ተቆልፎብሽ፣ ወይም የምትጠብቂያት በሽተኛ አሮጊት ኖራ። ያቺ አሥር ደቂቃ ለአንቺም ናት። ጎህ ሲቀድ መስኮቱን ከፍተሽ ቁሚ፤ ሳትወለውዪው። ተጓዦች ደግሞ አደራ፣ እያንዳንዳችሁ ከቤት መውጣት የማትችል አንዲት እህት አስቡ። የወንዙን ድምፅ በስልካችሁ ቅዱና ኔትወርክ ስታገኙ ላኩላት። ከዚያም ስለ ጉዞው ብቻ አታውሯት፤ "አንቺስ እንዴት ነሽ? የወጣሽው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ካስጨነቃችሁ ንገሩኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እዚሁ እንገናኝ። አውቶቡሱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። ዕጣው የሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ዕቃ ማጠብ ቢደርሰኝ ማንም እንዳትቀማኝ። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ ለብቻዋ ልታነጋግረኝ የምትፈልግ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።